ለድሮ መኪና ባለ 6 ቮልት ባትሪ በደህና ዋጋ

የድሮ መኪና የያዘ ሰው አንድ ቀን «ባለ 6 ቮልት ባትሪ በደህና ዋጋ ከየት ላግኝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ባትሪው ይደክማል። መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ ባለ 12 ቮልት ነው። ባለ 6 ቮልቱ ሲገኝ ደግሞ «ለጥንታዊ መኪና» የሚል ስም ስለተለጠፈበት ዋጋው አይቀመስም። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ መጀመሪያ የትራክተር ባትሪ ፈልግ።

እንደ ፎርድ 8ኤን ያሉት የድሮ የእርሻ ትራክተሮች የሚነሱት በ6 ቮልት ነው። ዛሬም የሚያርሱ ስላሉ ባትሪያቸው መመረቱን አላቆመም። በአሜሪካኖቹ አጠራር መጠኑ «ግሩፕ 1» ይባላል፣ የዚያ ዘመን ብዙ የቤት መኪኖች የሚወስዱትም ይህንኑ መጠን ነው። የድሮ የፋብሪካ ስም ተቀርጾበት ጥቁር ጎማ መስሎ የተሠራው ባትሪ በጣም ያምራል፣ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ለትርዒት መኪናም ይገባዋል። ለሚነዳ መኪና ግን ለመልክ ያን ያህል ገንዘብ አታውጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ የባትሪውን ቦታ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ለኩ። በተለይ ቁመቱን። የ6 ቮልቱ ቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ እዚያ ረጅም ባትሪ ከገባና ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ሁለቱን ጫፎች ከነካ እሳት ይነሳል። አጭሩን ባትሪ ግዙ፣ ክዳኑንም አትርሱ። ሌላው ነገር ማሳው፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፍ ነው። የድሮ ፎርዶች እስከ 1955 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከሻሲ ጋር የሚያስሩት ፖዘቲቩን ነው፣ የዚያው ዘመን ሸቭሮሌ ደግሞ ኔጌቲቩን። ስለዚህ ገመዱ የሚደርስበትን ጎን አይታችሁ ግዙ።

ሱቅ ውስጥ ቮልት መለኪያ ያዙ። ባለ 6 ቮልት ባትሪ ሦስት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ ሙሉ ሲሆን 6.3 ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ማሳየት አለበት። 6 ላይ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢቀንስላችሁም ተዉት። ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ እርሳሱ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፣ ያ ደግሞ በቻርጅ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ባለ 6 ቮልት ቶሎ ስለማይሸጥ መደርደሪያ ላይ ብዙ ይከርማል፣ የተመረተበትን ቀን ሳታዩ አትግዙ። አሲዱ ለብቻው የሚመጣ ደረቅ ባትሪ ካገኛችሁ ደግሞ ጥሩ ነው፣ አሲድ እስኪገባበት ድረስ ብዙ አይጎዳም።

ርካሽ መስለው የሚያሳስቱም አሉ። ለማንቂያ ደወልና ለልጆች መኪና የሚሆነው ትንሹ ባለ 6 ቮልት ባትሪ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) የማዞር አቅም የለውም። የጎልፍ ጋሪ ባትሪ አቅሙ ትልቅ ነው፣ ግን ከባድና ረጅም ነው፣ የተሠራውም ቀስ እያለ ለብዙ ሰዓት እንዲሰጥ እንጂ ለአንድ አፍታ ብዙ አምፔር እንዲተፋ አይደለም። ባለ 8 ቮልት አስገባ የሚላችሁንም አትስሙ፣ አምፖል ትጨርሳላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ደህና ባትሪ የሚጥለው በገመድ ጥፋት ነው! አንድ ዓይነት ሥራ ለመሥራት 6 ቮልት የ12 ቮልቱን እጥፍ አምፔር ይፈልጋል። ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ቢጠፋ ከ12ቱ 4 በመቶ ነው፣ ከ6ቱ ግን 8 በመቶ ይሆናል። አንድ ሰው የ12 ቮልት ቀጭን ገመድ አስገብቶ ሞተሪኖው እየተጎተተ ሲዞር «ባትሪው ሞቷል» ይላል። ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጉና፣ ወዲያው ገመዱንና ማሰሪያውን በእጃችሁ ዳስሱ። የሞቀበት ቦታ ካለ ኃይሉ እዚያ እየቀረ ነው። ከ50 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ መዳብ አስገቡ፣ የማሳውንም ገመድ ጭምር፣ የሚታሰርበትንም ብረት ቀለሙንና ዝገቱን ፍቃችሁ እስኪያበራ አጽዱት። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ባትሪው 4.8 ቮልት አካባቢና ከዚያ በላይ ከያዘና መኪናው ካልነሳ ባትሪውን አትወንጅሉ።

ቻርጀሩም ባለ 6 ቮልት መሆን አለበት፣ መምረጫ ያለው ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ደግማችሁ እዩት። አሮጌውን ባትሪ አትጣሉ። እርሳሱ ዋጋ አለው፣ ብዙ ሻጮች አሮጌውን ተቀብለው ከአዲሱ ሒሳብ ይቀንሳሉ።