ግቢው ከመጠረጉ በፊት የአበባውን ዘር ልቀሙ

የዛሬ ሦስት ዓመት ኅዳር 12፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እኔም ግቢውን ጠረግኩ። የደረቀ ቅጠል፣ የተጣለ ካርቶን፣ ከአጥሩ ሥር ያሉት የደረቁ የአበባ አገዳዎች፣ ሁሉንም አንድ ላይ ከምሬ ለኮስኩት። አከራያችን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ጭሱን ትንሽ አዩት። «ልጄ፣ የአበባውን ዘር ይዘሻል?» አሉኝ። የምን ዘር? አልገባኝም። በእንጨት ጫፍ ግማሹ ያልተቃጠለ አገዳ ስበው አወጡና ራሱን በመዳፋቸው አሹት። ቀጫጭን፣ ጥቋቁር፣ ጎበጥ ያሉ ዘሮች እጃቸው ላይ ቀሩ። የኮስሞስ ዘር ነበር። ያን መስከረም ግቢያችንን ሮዝ አድርጎት የነበረው ኮስሞስ።

ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ ማቃጠሉ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ የቆየ ልማዳችን ነው፤ በልማዱ ቅር አይለኝም። ግን ቀኑን አስቡት። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ የዘራነው አበባ በመስከረም ይፈካል፣ በጥቅምት ፀሐይ ይጠወልጋል፣ ዘሩ የሚደርሰው ልክ በኅዳር ነው። ያ ለዓይን የሚያስጠላው ደረቅ አገዳ የሚመጣውን ዓመት አበባ ተሸክሞ ነው የቆመው፤ እኛ ደግሞ በዚያው ሳምንት መጥረጊያ ይዘን እንነሳለን።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን የምጀምረው በመስከረም ነው። አበባው ሲፈካ ዞር ዞር ብዬ አያለሁ፣ ጠንካራውን፣ ቀለሙ ደማቁን፣ በዝናብ ያልወደቀውን እመርጥና አገዳው ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ክር የታሰረበት አይቀጠፍም፣ ለእንግዳም ቢሆን፣ ለአበባ ማስቀመጫም ቢሆን። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን ነው የምናደርገው፤ ምርጡን ቀጥፈን እንጨርስና ዘር የምንይዘው ከተረፈው ደካማ ነው። አያቴ እንኳን ለበቆሎ ይህን አታደርግም ነበር። ትልልቁን ራስ ለይታ ከነሽፋኑ ጓዳ ጣሪያ ሥር፣ ጭስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ትሰቅለዋለች፣ ነቀዝ አይደፍረውም። ለአበባም ያው ዓይን ነው የሚያስፈልገው።

አለቃቀሙ እንደ አበባው ነው። ኮስሞስ ዘሩ እንደ ጨረር ተበትኖ ሲቆም ደርሷል ማለት ነው፤ ቶሎ ካልደረሳችሁበት ነፋስና ወፍ ይቀድሟችኋል። ማሪጎልድ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ኮሮጆ ቡናማ እስኪሆን ይጠበቅና የደረቀውን አበባ ይዞ መሳብ ነው፣ ዘሩ አብሮ ይወጣል። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጣ ያለ፣ እንደ ትንሽ መጥረጊያ ነው። ዚኒያ ግን ያታልላል። የመሀሉን ትታችሁ የደረቀውን የአበባ ቅጠል አንድ በአንድ ንቀሉት፣ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ የቀስት ራስ የመሰለ ዘር ተጣብቆ ታገኛላችሁ። ያ ክብ፣ ጃንጥላ የመሰለ ቅጠል ያለው ናስተርሽየም ደግሞ ዘሩን ራሱ መሬት ላይ ይጥላል። ሽምብራ ያክላል፣ ጎንበስ ብሎ መልቀም ብቻ ነው። ጽጌረዳና ጀራኒየም በዚህ ውስጥ አይገቡም፤ እነሱን ቆርጦ መትከል ይሻላል።

መቼም ቢሆን ጤዛ ሳይረግፍ አትልቀሙ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በጠዋት ለቅሜ፣ ደስ ብሎኝ፣ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በጥር ስከፍተው ሽታው ብቻ በቂ ነበር፤ ሁሉም ሻግቷል። አሁን ሰፌድ ላይ በትኜ ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ። ዘሩን ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተለመጠ ገና ነው። ከዚያ ገለባውን እፍ እፍ ብዬ አነፍስና የወረቀት ፖስታ ውስጥ እጨምራለሁ። ፖስታው ላይ ስሙን፣ ቀለሙን፣ ወሩንና ዓመቱን እጽፋለሁ። ፖስታዎቹን ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን በማወጣት እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር አስቀምጣቸዋለሁ። ከምድጃና ከመስኮት ይራቅ። ኮስሞስና ዚኒያ እንዲህ ከተያዙ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይቆያሉ።

አንድ ነገር ግን እወቁ። ከሱቅ በፓኬት የገዛችሁት ዘር ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ ዲቃላ ነው። ከሁለት የተለያዩ ወላጆች ስለተዳቀለ፣ ከሱ የያዛችሁት ዘር ልክ እሱን አይሆንም። አምና እኩል ቁመት፣ አንድ ዓይነት ብርቱካንማ ማሪጎልድ ነበረኝ፤ ዘሩን ስዘራው አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ይሄ ነው፣ ወደ አያቶቹ ይሄዳል። እኔ ቅይጡን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ወጥ አልጋ የሚፈልግ ሰው ግን ያዝናል። ኮስሞስም ቢሆን ንብ ከአንዱ ወደ አንዱ ስለምትዞር ቀለሙ ይደባለቃል።

ግንቦት ሲገባ፣ ከመዝራቴ በፊት፣ ከየፖስታው 10 ዘር አውጥቼ እርጥብ ሶፍት ላይ እጠቀልላለሁ። ከሳምንት በኋላ ስንቱ እንደበቀለ እቆጥራለሁ። ስምንት ከበቀለ ጥሩ ነው። አራት ከሆነ በዛ አድርጌ እዘራዋለሁ። ምንም ካልበቀለ ለሰኔ ዝናብ ተስፋ አድርጌ አልጠብቅም፣ ጎረቤት ሄጄ እለምናለሁ።

አምና ከእማማ ግቢ ወጥተን ሌላ ቤት ተከራየን። አበባ ነቅሎ መሄድ አይቻልም፣ አይተርፍም። እሳቸው ዕቃ ስንጭን በሩ ላይ ቆመው «አበባሽን ትተሽልኝ ሄድሽ» አሉኝ። ብልቃጡን አሳየኋቸው። ከእያንዳንዱ ፖስታ ግማሽ ግማሹን በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸውና በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩት። አሁን በሁለት ግቢ ያው አበባ አለ። የኔው ላይ የጠፋው ነጩ ኮስሞስ ነው፣ ሮዙ ዋጠው። ነጭ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዘንድሮ ኅዳር 12 ከመድረሱ በፊት ጥቂት ራስ ለዩልኝ፣ በዚኒያ እንለዋወጣለን።