የልምምድ ሰዓትና የቀሪ ደንብ

በሰፈራችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ከሆንኩ ወዲህ፣ ስለ አሰላለፍ ከማስበው ይልቅ ማን ለምን እንደ ቀረች የማስበው ይበዛል። ዛሬም የቀሪዎችን መዝገብ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ኳስ ዘር የላትም፣ ሃይማኖት የላትም» ይባላል። በከተማችን በጅማ ይህ ሲነሣ የጅማ አባ ጅፋርን የ2010 ዓ.ም. ቡድን የማይጠቅስ የለም፤ ክለቡ በፕሪምየር ሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ሲያነሣ ጎል በማግባት የመራው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር፤ በቤቱ ኦሮምኛ የሚያወራውም፣ ዳውሮኛ ወይም ከፍኛ የሚያወራውም እኩል ጨፍሮለታል። ደስ ይላል። ነገር ግን ጎል የሚያገባን ሰው መቀበል ማንንም አይቸግርም። የሚቸግረው ገና ምንም ያላገባችውን፣ ልምምድ ላይ ዘግይታ የምትደርሰውን ልጅ የቡድኑ ሰው አድርጎ መቁጠር ነው።

ሜዳውን ከወንዶቹ ቡድን ጋር እንጋራለን። ቀድሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ የእነሱ ስለነበር ለእኛ የሚተርፈን ኳሷ የማትታይበት ድንግዝግዝ ነበር፤ ልጆቹም አንድ በአንድ ቀሩ፣ እኛም «ሴቶች ፍላጎት የላቸውም» የሚለውን የተለመደ ወሬ ሰማን። የአንዷን እናት ቤታቸው ሄጄ ባነጋግራቸው «ልጄ፣ ኳሱን አልጠላሁትም፤ መግሪብ ሳይደርስ ግን ቤቷ ትግባልኝ» አሉኝ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የሳምንቱን ቀኖች ተከፋፍለን ሜዳውን በፈረቃ ለመጠቀም ስንስማማ የቀሩት አብዛኞቹ ተመለሱ፤ ስብሰባም መፈክርም አላስፈለገም።

የራስ መሸፈኛው ጉዳይ ከዚህ ቀለል ያለ ነበር። በአንድ የሰፈር ውድድር የመሐል ዳኛው አማካያችንን ሂጃቧን አውልቃ እንድትገባ አዘዛት። የጨዋታው ሕግ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደሚፈቅድ፣ የሚጠይቀውም ጥቁር ወይም የማሊያው ቀለም እንዲሆን፣ ከማሊያው ጋር እንዳይያያዝና አደጋ እንዳያመጣ በዋናነት መሆኑን ነገርኩት። መርፌ ቁልፉን ነቅላ ጫፉን ወደ ኋላ አሰረችውና ጨዋታው ቀጠለ። (በጥር 2013 ዓ.ም. በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ በሚሰለፉበት የአፍሪካ ውድድር፣ በቻን፣ የናሚቢያንና የታንዛኒያን የወንዶች ጨዋታ በመሐል ዳኝነት የመራችው ሊዲያ ታፈሰ የጅማ ልጅ ናት፤ የእኛ ዳኛ ግን በእኔ በሴቷ መታረሙ ሳይከነክነው አልቀረም።)

አሁን ያስጨነቀኝ የራሳችን ደንብ ነው። በሳምንቱ ከተያዙት ልምምዶች ከግማሽ በላይ የቀረች ልጅ በእሁዱ ጨዋታ አትሰለፍም። ለሁሉም አንድ ስለሆነ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሸክሙ የሚያርፈው ግን በግራ ተከላካያችን ላይ ነው። ይህች ልጅ ከዳውሮ መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ፣ ማታ ማታ የምትማር ናት። ስትመጣ የቀሚሷ ጫፍ ከእጥበት እንደ ረጠበ ነው፤ ከሥሩ ቁምጣዋን ለብሳ ስለምትመጣ ሜዳው ዳር አውልቃው ትገባለች። ሌሎቹ ተከላካዮቻችን ኳሷን ወደ ፊት ጠልዘው ሲገላገሉ፣ እሷ በግራ እግሯ ውስጠኛ ጎን አቁማ፣ ቀና ብላ አይታ ነው የምታቀብለው።

አሠሪዋን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ረቡዕ የልብስ ቀን መሆኑን፣ እንግዳ ሲበዛ ቡና የሚያፈላ ሌላ ሰው እንደሌላቸው ዘርዝረው ነገሩኝና ከእሁድ ሌላ ሐሙስን ፈቀዱላት። ከዚያ በላይ መለመን አልቻልኩም፤ እንጀራዋ ነውና። እሁድ የጨዋታ ቀን ስለሆነ ግን የሐሙስ ልምምድ ብቻውን በደንቡ አይበቃም።

ከመጣችባቸው ቀኖች ይልቅ መምጣት ከምትችልባቸው ቀኖች ስንቱን እንደመጣች ብንቆጥርስ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። አምበላችን ወዲያው ተቃወመች፤ «ኮች፣ እኛ ሳምንቱን ሙሉ ጭቃ ላይ ስንወድቅ ስንነሣ ከርመን እሁድ እሷ ትሰለፋለች?» አለችኝ። ንግግሯ ቅናት ነው ብዬ አላልፈውም፤ እሷም ከከተማችን ገበያ ከመርካቶ የእናቷን መደብ ትታ ነው ልምምድ የምትመጣው፣ ለዚህ ደግሞ ማንም ነጥብ አልያዘላትም። ዋናው አሰልጣኝ በበኩሉ ነገ ሁሉም ሰበብ ይዞ ይመጣል ብሎ ይሰጋል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የትኛዋ በሥራ፣ የትኛዋ በስንፍና እንደምትቀር ልጆቹ ከእኛ ይልቅ አብጠርጥረው ያውቃሉ።

ስለዚህ ሐሙስ ከልምምድ በፊት ራሳቸው ተቀምጠው ደንቡን እንዲነጋገሩበት አስፈቅጃለሁ። አሰልጣኙ ልጅቷ እንዳታፍር በሌለችበት ይሁን ብሎኝ ነበር። ስለ እሷ የሚወሰነው እሷ በሌለችበት መሆኑን አልወደድኩትም፤ ሐሙስ አሠሪዋ የፈቀዱላት ቀን ስለሆነ መጥታ የራሷን ራሷ ትናገር ብዬዋለሁ።