«ድምፁ የእሱ አይደለም»

በ2012 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ውስጥ የኔን ያህል ጣራ ላይ የዋለ ሰው ያለ አይመስለኝም። የቴሌቪዥን ቻናሎቻችን ከናይልሳት ሳተላይት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ዲሹ ሁሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ፊቱን ማዞር ነበረበት። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ። ለእኛ ለዲሽ ሠራተኞች እንጀራ ሆነልን።

አንድ ቀን ጠላ የሚሸጡ ደንበኛዬ ደወሉ። ዲሻቸውን ካዞርኩላቸው ገና ሁለት ሳምንቱ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የሠራህልኝ ተበላሽቷል።»

«ምኑ ነው እትዬ? ምስሉ ይቆራረጣል?»

«ምስሉስ ደህና ነው። ድምፁ የእሱ አይደለም።»

«የማን?» ብሎ መጠየቅ ነበር። አልጠየቅኩም። መሰላሌን ተሸክሜ ሄድኩ።

ሲግናሉ ምንም አይወጣለትም። ቴሌቪዥኑ ላይ ጢሙን የከረከመ ቱርክ ከአንዲት ሴት ጋር በአማርኛ ይጨቃጨቃል። ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ይሰማል እኮ፣ እትዬ።»

«ይሰማል። የሌላ ሰው ድምፅ ነው ያመጣህብኝ እንጂ! ማርቆስን!»

ሪሞቱን ይዤ ኦዲዮውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አደረግኩት። ቀይና ነጩን ገመድ ነቅዬ አቀያየርኩ። ቻናሎቹን አጥፍቼ እንደ አዲስ ፈለግኩ። በመጨረሻ ጣራ ላይ ወጣሁ። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ኤልኤንቢውን፣ ዲሹ ፊት ያለውን መቀበያ፣ ነካ አድርጌ «አሁንስ?» እላለሁ። ከታች «አይደለም!» ይመጣል። ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። አየር ላይ ድምፅ ከምስል ተለያይቶ የሚመጣ ይመስል!

ጓዳ ጌሾ ስትወቅጥ የነበረችው የእህታቸው ልጅ በመጨረሻ ብቅ አለች። ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች ናት።

«አክስቴ፣ ያኛው ድራማ እኮ አልቋል። ይሄ ሌላ ነው።»

ለካ እትዬ ለወራት ማታ ማታ ያዩት የነበረው ተዋናይ በሌላ ድራማ ተመልሶ መጥቷል። በዚህኛው ደግሞ በአማርኛ የሚናገርለት ሌላ ሰው ነው።

«ሰውየው እሱ አይደለም እንዴ?» አሉ።

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ድምፁን ማን ወሰደበት?»

እኔ ሳቅኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቤይሩት ማዳሟም እንዲሁ እንደነበረች ነገረችን፤ «ሙሃነድ፣ ሙሃነድ» ስትል ነበር የምትውለው። ነገሩ እውነት ነው። የቱርኩ ተዋናይ ኪቫንች ታትሊቱ እ.ኤ.አ. በ2008 «ኑር» በተባለው ድራማ ዐረብ አገር ሲገባ የገጸ ባሕሪው ስም መህመት መሆኑ ቀርቶ ሙሃነድ ተባለ። ከዚያ በሌላ ታሪክ፣ በሌላ ገጸ ባሕሪ ሲመጣም ዐረብኛው ላይ እንደገና ሙሃነድ አሉት። አስተርጓሚዎቹ ሞኝ አልነበሩም። ተመልካቹ የሚከተለው ማንን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

እኔ ነኝ ያልገባኝ። የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚያሳየው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስንት ቤት ገብቼ ሪሞት ይዣለሁ። ዲሹ ሲሠራ «ታሪኩ የት ደረሰ?» ያለኝ ደንበኛ ትዝ አይለኝም። «መጣ? እሱ ነው?» ነው የሚሉት። ሰዓቱ ሲቀየር ተከትለውታል። ሳተላይቱ ሲቀየር ከመቀነታቸው ፈትተው ከፍለው ተከትለውታል። መልኩ ከኢስታንቡል፣ ድምፁ ከአዲስ አበባ መሆኑ እትዬን አያገባቸውም። ሰውየውን የተቀበሉት ከነድምፁ ነው፤ ግማሹ ሲጎድል ደግሞ የሚጠሩት እኔን ነው።

ሂሳብ አልጠየቅኳቸውም። አንድ ጣሳ ጠላ ቀዱልኝ፣ ጠጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰላሉን ሳላነሳ «ማንን ነው የሚያዩት?» እላለሁ። አንዳንዱ ባል ይገላምጠኛል።

በሳምንቱ እትዬ ደወሉ።

«ዛሬ ደግሞ ጭራሽ የለም።»

አሁንማ ነቅቻለሁ። «ታሪኩ ነው እትዬ፤ አስረውት ይሆናል። ነገ ይመጣል» ብዬ ዘጋሁ። በማግስቱም ደወሉ። «ይታገሡ እንጂ!» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን በሰፈራቸው ሳልፍ ቀና አልኩ። ዲሹን ንፋስ ጥሎት ቆርቆሮው ላይ በአፉ ተደፍቷል። እትዬ በር ላይ ቆመዋል። ከጎረቤት የተዋሱትን መሰላል ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይጠብቁኛል።