የእማዬ ጉልበት እና የኤምአርአይ ውጤቱ

ዛሬ የእማዬን የጉልበት ኤምአርአይ ውጤት ይዘን እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሄደን ነበር። ወረቀቱ ላይ «የሜኒስከስ መቀደድ» (የጉልበት ልም አጥንት መቀደድ) የሚል ስለነበረ፣ ቀዶ ጥገና አይቀርም ብለን ስንጨነቅ አድረናል። ሐኪሙ ግን ምስሉን ከማየታቸው በፊት ጉልበቷን መረመሩ፤ መዘርጋት አቅቶት ይቆለፍ እንደሆነ፣ ስትራመድም ይከዳት እንደሆነ ጠየቋት። ሁለቱም የሉባትም።

በጭንና በቅልጥም አጥንቶች መካከል ያለው ይህ ልም አጥንት በዕድሜ ሳስቶ እንደሚቀደድ፣ ምንም ሕመም በማይሰማቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ብዙ ሰዎች ምስል ላይም እንደሚታይ አስረዱን። እኔም ማታ እንዳነበብኩት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመና 146 ሕሙማን በተሳተፉበት የፊንላንድ ጥናት፣ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በቀዶ ጥገና የተነሣላቸው ሰዎች፣ ስንጥቁ ሳይነካ የማስመሰል ቀዶ ጥገና ብቻ ከተደረገላቸው የተሻለ ለውጥ ከዓመት በኋላ አላሳዩም። የተቀደደው ክፍል ጉልበቱን ሲቆልፈው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለእማዬ የታዘዘላት የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። እሷን ያስጨነቃት ግን ስግደቱ ነበር፤ «ልጄ፣ እሱን ጠይቅልኝ» አለችኝ። እስኪሻላት ተንበርክካ ሳይሆን ቆማ ጎንበስ እንድትል ተነግሯት፣ በጣና ዳር ቀስ እያልን ወደ ቤት ተመለስን።