ለስቱዲዮዬ ኮከብ ላውጣ ወይስ ልተወው?

የምኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው። ከሊዮን በባቡር ብዙም በማትርቀው በኤክስ ሌ ባ ደግሞ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ፤ ለእረፍት ለሚመጡ ሰዎች በቀንና በሳምንት አከራያታለሁ። ከተማዋ በፍል ውሃዋ የታወቀች ናት። የእኛ ሰው ለወገቡና ለጉልበቱ ሶደሬ እንደሚወርደው፣ እዚህም ሐኪም ያዘዘላቸው ሰዎች ለፍል ውሃ ሕክምና ይመጣሉ። ሕክምናው 18 ቀን ስለሆነ ሦስት ሳምንት ይቀመጣሉ። በበጋ ደግሞ የቡርዤ ሐይቅ አለ። እንግዳ አጥቼ ስለማላውቅ ሰዎች «ኮከብ አውጪላት እንጂ» ሲሉኝ «ምን ሊያደርግልኝ?» እያልኩ ለዓመታት ዝም አልኩ።

ለማያውቅ ላስረዳ። እዚህ አገር ዕቃው የተሟላ የእረፍት ቤት የሚያከራይ ሰው ቤቱን በይፋ ማስመዘን ይችላል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ነው። ግዴታ አይደለም። ሁለተኛ ቤትን ለእረፍትተኛ ሲያከራዩ ማዘጋጃ ቤት ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ግብሩ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 አዲስ ሕግ ወጣ። እኔ ግብር የምከፍለው ሚክሮ ቢክ በሚባለው ቀላል መንገድ ነው፤ ደረሰኝ አልሰበስብም፣ መንግሥት ራሱ ከገቢዬ ላይ የተወሰነውን «ይህ ወጪሽ ነው» ብሎ ይቀንስና በቀረው ላይ ያስከፍለኛል። ድሮ ኮከብ ለሌለው ቤት የሚቀነሰው 50 በመቶ ነበር። ከ2025 ገቢ ጀምሮ 30 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ያውም ዓመታዊ ገቢው ከ15,000 ዩሮ ካላለፈ። ኮከብ ላለው ግን 50 በመቶ ይቀነሳል፣ የዓመታዊ ገቢው ጣሪያም ለ2025 ገቢ 77,700 ዩሮ ነበር።

አንድ ማታ ሻይ አፍልቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። በዓመት 9,000 ዩሮ አካባቢ አገባለሁ። ኮከብ ከሌለኝ ግብር የሚሰላብኝ በ6,300 ላይ ነው፣ ካለኝ በ4,500 ላይ። ልዩነቱ 1,800 ነው። ግብሩና ማኅበራዊ መዋጮው ተደምሮ ያኔ እኔን ከመቶው 28 ዩሮ አካባቢ ያስወጣኝ ስለነበር በዓመት 500 ዩሮ ገደማ ማለት ነው። የምዘናው ዋጋ ስጠይቅ 190 ዩሮ አሉኝ፣ ውጤቱ ደግሞ ለ5 ዓመት ይጸናል። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ክብርና ስለ ማስታወቂያ ነበር የማስበው። ሂሳቡን ሳየው ግን በዚያው ማታ ቆረጥኩ።

ከዚያ መመዘኛውን አውርጄ አነበብኩት። 133 መስፈርት አለው፤ ስለ ቤቱና ዕቃው፣ ስለ መስተንግዶው፣ ስለ አካል ጉዳተኞችና ስለ አካባቢ ጥበቃ። የትኛውን የኮከብ ደረጃ እንደምትፈልጉ መጀመሪያ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ፣ የምትመዘኑትም በዚያው ደረጃ ነው። ትልቁን ስህተቴን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ለሁለት ሰው አራት ኮከብ ለማግኘት 24 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል ይላል። የቤቴ ውል ላይ 25 ተጽፏል። ደስ ብሎኝ አራት ኮከብ ብዬ አመለከትኩ፤ ለአራት ኮከብ ይመጥናሉ ብዬ አዲስ አንሶላና ፎጣም ገዛሁ። ለካ ያ 24 የሚቆጠረው መታጠቢያ ቤቱና ሽንት ቤቱ ሳይጨመር ነው! የእኔ ያለ መታጠቢያ ቤቱ 21 ነው። ይህንን የነገረችኝ ልትመዝን ቀጠሮ የያዘችው ሴት ናት፣ በስልክ፣ ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ቀድማ ባትጠይቀኝ ኖሮ ክፍያዬ ውሃ በልቶት ነበር። ለሦስት ኮከብ 18 ይበቃል፣ ወደዚያ አስቀየርኩ። እባካችሁ፣ ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ። ውሉን አትመኑ።

የዕቃው ዝርዝር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ለአንድ ሰው ሁለት የውሃ ብርጭቆ፣ አንድ የወይን ብርጭቆ፣ ሁለት ዝርግ ሳህን፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን እያለ ይቀጥላል። የወይን ጠጅ መክፈቻ፣ የሰላጣ ውሃ ማድረቂያ፣ የኬክ መጋገሪያ፣ መለኪያ ብርጭቆ። እኔ ቤት ጀበና አለ፣ ሲኒ አለ፣ የሰላጣ ማድረቂያ ግን በሕይወቴ ገዝቼ አላውቅም። ገዛሁ። ያሳሰበኝ ግን መጋረጃው ነው። የሚተኛበት ክፍል ሁሉ ብርሃን የማያስገባ መጋረጃ ወይም መዝጊያ ሊኖረው ይገባል። የእኔ ነጭና ስስ ነበር፣ ለፎቶ ያምራል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም እንግዳ አልተናገረኝም፣ እኔም ዓይኔ ስለለመደው አላየሁትም። ራሴ አንድ ሌሊት አድሬ አየሁት፤ የመንገዱ መብራት ፊቴ ላይ ነው ያደረው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሕመም የሚመጡ አሮጊትና ሽማግሌዎች እዚያ አልጋ ላይ ሲተኙ እንደኖሩ ሳስብ በጣም ነው ያዘንኩት። ግብሩ ቀርቶ ለመጋረጃው ብቻ እንኳ ይህንን ምዘና ቀድሜ ባደረግኩት ብዬ ተቆጨሁ። ዕቃውም መጋረጃውም ተደምሮ 140 ዩሮ ወጣብኝ።

ምዘናው ራሱ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ፈጀ። ሴትየዋ መሳቢያውን ሁሉ ከፈተች፣ አልጋውን ለካች፣ ኢንተርኔቱን ሞከረች። ከግዴታ ነጥቦቹ 95 በመቶውን ማሟላት አለባችሁ፤ በተጨማሪ ለሦስት ኮከብ ከአማራጭ ነጥቦቹ 20 በመቶ። ውጤቱን ለመላክ እስከ አንድ ወር ጊዜ አላቸው፣ ሲደርሳችሁ ደግሞ ካልተስማማችሁ በ15 ቀን ውስጥ እምቢ ማለት ትችላላችሁ። እኔ ሦስቱን ኮከብ በደስታ ተቀበልኩ።

አንድ ነገር ግን ረሳሁ። የእንግዳ ማደሪያ ቀረጡ ይለወጣል። ኮከብ ለሌለው ቤት የሚታሰበው ከአዳሩ ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው፣ ኮከብ ላለው ግን በሰው በአዳር የተቆረጠ ሂሳብ ነው። የማስታወቂያ ገጼን ሳላስተካክል ሁለት ሳምንት አለፈ፣ እንግዶቼም በድሮው ስሌት ከፈሉ። ወረቀቱ እንደደረሳችሁ በዚያው ቀን አስተካክሉ።

እንግዳ ጨመረ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በበጋ ለሐይቁ የሚመጡት ወጣቶች ስለ ኮከቡ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እነሱ የሚያነቡት የቀድሞ እንግዶችን አስተያየት ነው። ለፍል ውሃ የሚመጡት በዕድሜ የገፉት ግን ይጠይቃሉ፤ ስልክ ደውለው «ስንት ኮከብ ነው?» ይላሉ። ስለዚህ መልሱ እንደ እንግዶቻችሁ ነው።

ባለፈው ወር አኔሲ አካባቢ ቤት ያላት ጓደኛዬ «እኔስ ላውጣ?» ብላ ደወለችልኝ። መጀመሪያ የጠየቅኳት ግብር በየትኛው መንገድ እንደምትከፍል ነው። የባንክ ብድሯ ገና አላለቀም፤ ወለዱንም፣ ጥገናውንም፣ የቤቱን እርጅናም በደረሰኝ ነው የምታወራርደው፤ ሬየል የሚሉት ነው። እዚያ መንገድ ላይ ላለ ሰው የኮከቡ የግብር ጥቅም የለም። እንግዶቿም ለሁለት ቀን በበረዶ መንሸራተቻ ወቅት የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። ለአንቺ አይሆንም አልኳት። መመዘኛውን ግን ላኩላት፣ መጋረጃዋን ቀይራለች።