ግማሽ ዱቄት

ሐምሌ 17 ቀን መብራት ጠፋ። ወፍጮው በመሃል ቀጥ አለ።

የቁልቢ ሰሞን ስለሆነ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ለመንገድ በሶ የሚያስፈጩ ሴቶች ከነጆንያቸው ከበሩ ጀምሮ ተሰልፈዋል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። አንዷ እናት "ለገብርኤል መንገድ ነው፣ ይመጣል" ብለው ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። እኔም ከሚዛኑ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ አረፍ አልኩና ስልኬን አወጣሁ። ታናሽ እህቴ ደውላ ነበር።

እህቴ አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው የምትኖረው። አረጋውያን ትንከባከባለች። መልሼ ስደውልላት እዚያ ገና ማለዳ ነው። ሥራ እንደሌላት ነገረችኝ። የግዛቱ በዓል ነው። ሞርሞኖች የሚባሉት የሃይማኖት ሰዎች ከየቦታው ተሳደው ሲንከራተቱ ኖረው፣ ብሪገም ያንግ የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1847 እዚያ ሸለቆ የደረሰበት ቀን ነው። በእኛ ሐምሌ 17 ላይ ይውላል።

"እትዬ፣ ስለ አንዲት ሴት ልንገርሽ" አለችኝ። "ጥቁር ናት። ነገሩ ስለ ዱቄት ስለሆነ አንቺ ትዝ አልሽኝ።"

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። የእነሱን እምነት ልተነትን አይደለም ይህን የምጽፈው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህቺ ሴት ከአእምሮዬ አልወጣችም። ማታ ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ እያስነበብኳት ከረምኩ። የእሷ እንግሊዝኛ ከኔ ይሻላል።

ስሟ ጄን ማኒንግ ጄምስ ነው። ኮኔክቲከት በሚባል ግዛት የተወለደች ነፃ ሴት ነች። እናቷ ግን በባርነት የተወለደች ነበረች። ጄን በወጣትነቷ ሞርሞን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1843 እናቷንና ወንድም እህቶቿን ይዛ፣ ኢሊኖይ ውስጥ ናቩ ወደምትባለው የሞርሞኖች ከተማ ተነሳች። ቡፋሎ የምትባል ከተማ ሲደርሱ ግን እነሱ በጀልባ መሳፈር አልቻሉም። ነጮቹ ተጓዦች ቀጠሉ። የጄን ቤተሰብ በእግር ጀመረ።

1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዳማ አዲስ አበባ አሥራ ሦስት ጊዜ መሄድ ማለት ነው። ጫማቸው አለቀ። እግራቸው ተሰነጣጠቀና ደማ፤ የእግራቸው አሻራ መሬቱ ላይ በደም ይታይ ነበር ብላለች እሷ ራሷ። በየዓመቱ የቁልቢ እግረኞች በከተማችን ሲያልፉ እግራቸውን አያለሁ። አንዳንዶቹ በጨርቅ ጠምጥመውታል። ልጄ ያን ስታነብልኝ ዓይኔ ላይ የመጣው የእነዚያ እግር ነው።

ናቩ ስትደርስ የእምነቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ቤት ገብታ ልብስ አጣቢ ሆነች። ሰውየው ተገደለ። በ1846 ሞርሞኖቹ ከናቩ መውጣት ጀመሩ። ጄን አይዛክ ጄምስ የሚባል ጥቁር ሰው አግብታ ነበር። ሁለተኛ ልጇን ሳይለስን በዚያ ስደት መሃል፣ አዮዋ ውስጥ ወለደችው። በ1847 መስከረም አካባቢ ሶልት ሌክ ሸለቆ ገቡ። ከናቩ እስከዚያ 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔን የያዘኝ መንገዱ ሳይሆን ጓዳው ነው።

ጓዛቸውን የሚጎትተው በሬ ነው። ጋሪው ሸራ ለብሷል። አባቴ እዚሁ ናዝሬት ባለጋሪ ስለነበር ጋሪ ሲንገጫገጭ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እነዚያ ሴቶች ንግጭግጩንም ሥራ ሰጥተውታል። ጠዋት የታለበውን ወተት መናጫ ውስጥ አድርገው ጋሪው ላይ ያስቀምጡታል። ማታ ሲሰፍሩ ቅቤው ወጥቶ ይጠብቃል። እንጨት በሌለበት ሜዳ ላይ ደግሞ የሚያነዱት የጎሽ ኩበት ነው። ሴቶችና ልጆች እየሄዱ ኩበት በሽርጣቸው ይለቅማሉ። ይህን ስሰማ ጮክ ብዬ "ኩበት!" አልኩ። ልጄ ደነገጠች። እናቴ ግን ከአልጋዋ ላይ ሆና "ታዲያ በምን ያብስሉ?" አለች። ሳሙናቸውን ከአመድ ውሃና ከሞራ ነው የሚሠሩት። የልጆቻቸውን ልብስ ከበግ ፀጉር ይፈትላሉ። ጄንም ሸለቆው ውስጥ ትንሽ የበግ መንጋ ነበራት።

ሸለቆው ግን እንደደረሱ አላጠገባቸውም። በ1848 የፌንጣ ዓይነት ነፍሳት ሰብሉን ወረሩት። ቀጥሎ የመጣው ክረምት ከባድ ነበር። ሰዎች ከበረዶው ሥር የሚቆፈር የአበባ ሥር በሉ። ጄን ሦስት ልጆች ነበሯት። ትንሿ ሜሪ አን ገና በዚያው ዓመት የተወለደች ነች። ጄን በስተርጅና ታሪኳን ስታስጽፍ ከብርዱም ከረሃቡም በላይ ያቃጠላት ልጆቿ ዳቦ ብለው ሲያለቅሱ የምትሰጣቸው ማጣቷ እንደነበር ተናግራለች።

አሁን ወደ ዱቄቱ ልምጣ።

ኢላይዛ ፓርትሪጅ ላይማን የምትባል ሌላ ሴት ነበረች። ነጭ ናት። ባሏ አማሳ ላይማን ከቤተ ክርስቲያኑ መሪዎች አንዱ ሲሆን ብዙ ሚስቶች ነበሩት። ሁለት የገዛ እህቶቿም እሱኑ አግብተዋል። እኛ ዘንድ ጣውንት የሚለው ቃል ራሱ ይመራል። እህት ለእህቷ ጣውንት ስትሆን ምን ዓይነት ቤት እንደሚሆን ማሰብ ያቅተኛል። እነሱ ግን ተደጋግፈው ኖረዋል። ኢላይዛ የመጀመሪያ ልጇን በጋሪ ውስጥ ወልዳ፣ ዓመት ሳይሞላው ቀብራዋለች። ሁለተኛውንም መንገድ ላይ፣ ፕላት ከሚባል ወንዝ አጠገብ ወለደችና ፕላት ብላ ስም አወጣችለት።

ሚያዝያ 1849 ባሏ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ቤት ውስጥ ዳቦ የሚሆን ነገር አልነበረም፤ እሱም ማግኘት አልቻለም። ኢላይዛ ማስታወሻ ትይዝ ነበር። በዚያው ወር ከጻፈቻቸው መካከል አንዷ አጭር ነች። ጥቁሯ ሴት ጄን ጄምስ ሁለት ፓውንድ ዱቄት ሰጠችኝ፤ ካላት ግማሽ ያህሉ ነው ትላለች።

በቃ። ስለ ጄን ዱቄት የምናውቀው ይህን ብቻ ነው።

ሁለት ፓውንድ ስንት እንደሆነ ልጄ ነገረችኝ። 900 ግራም ገደማ ነው። በማግስቱ ደንበኛ ሲሳሳ ሚዛኑ ላይ የስንዴ ዱቄት 900 ግራም አወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሚዛን ላይ ቆሜያለሁ። ሰው ሃምሳ ኪሎ፣ መቶ ኪሎ ሲያስፈጭ ነው የማየው። እንዲህ ያለ መጠን ከወፍጮው ሥር ተጠርጎ የሚሰበሰብ ብናኝ ነው። ከጎኑ ሌላ 900 አወጣሁ። አንደኛው ለኢላይዛ፣ ሁለተኛው ለጄን። አምስት አፍ ያለበት ቤት የቀረው ይኼ ነው። ረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት። ማታ አንዱን አቡክቼ ድፎ ደፋሁ። መካከለኛ ድፎ ወጣው። ከቡና ጋር በአንድ ማታ አለቀ። እኔ ቤት ደግሞ ማንም አልራበውም ነበር።

ያን ማታ ነው የራሴ ነገር የመጣብኝ።

1977 ዓ.ም. ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ። ባቡር ጣቢያው ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። የአባቴ ፈረስ ታሞ ጋሪው ቆሟል። እንደምንም ቤት የገባው የበቆሎ ዱቄት ስድስት ጣሳ ነው። ሲሰፈር ቆጥሬዋለሁ፤ ርቦኝ ስለነበር እያንዳንዷን ጣሳ ቆጥሬያለሁ። ከግድግዳችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ባሏ ጦር ሜዳ ነው። አራስ ናት። ለሁለት ቀን ከቤቷ ጭስ አልወጣም። እናቴ ጭሱን ታይ ነበር። ምንም ሳትናገር ሦስት ጣሳ ሳህን ላይ ገለበጠችና በነጠላ ሸፈነችው። "ከእማዬ ነው በያት። ሌላ ቃል እንዳትናገሪ" ብላ ላከችኝ።

እያለቀስኩ ነው የሄድኩት። ሴትዮዋ ሳህኑን ተቀበለችኝ። ፊቴን አይታለች። ዱቄቱን ገልብጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ሳህን ባዶ አይመለስም፤ እሷ ደግሞ የምትመልሰው ምንም የላትም። ጤና አዳም ቆርጣ ሳህኑ ላይ አኑራ ሰጠችኝ።

ያን ማታ ገንፎው ቀጠነ። አባቴ "ዛሬ ምነው ቀጠነሳ?" አለ። እናቴ "ውኃው በዛብኝ" አለችው። እኔ አባቴን አየሁት። እናቴ ደግሞ እኔን አየችኝ። ዝም አልኩ።

እናቴን ለብዙ ቀን ተቀይሜያት ነበር። ይኸው አሁን ነው የጻፍኩት። ከኢላይዛ አንድ መስመር በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን የነበሩት የሞርሞን ሴቶች መጻፍ ያውቁበታል። ፓቲ ሴሽንስ የምትባል አዋላጅ ነበረች። በ1847 ጋሪዋን ራሷ እየነዳች ነው ሸለቆው የገባችው። ያዋለደቻቸውን ልጆች ትቆጥር ስለነበር 3,997 መሆናቸው ይታወቃል። እኛ ሰፈር ስንቱን ያዋለዱ እናቶች ነበሩ። ቁጥራቸውን ማን ያዘው?

ጄን ደግሞ ከዚያ በኋላ ያየችው መከራ ቀላል አልነበረም። አይዛክ ጥሏት ሄደ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለስ ተቀበለችው። ሲሞትም ከእሷ ቤት ነው የተሸኘው። ከልጆቿ ከሁለቱ በቀር ሁሉንም ቀበረች። የእምነቷ ትልቁ ቦታ ቤተ መቅደሱ ነው። እዚያ ገብታ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሥርዓቱ እንዲፈጸምላት ለዓመታት ደጋግማ ጠየቀች። በቀለሟ ምክንያት ከለከሏት። በ1894 የፈቀዱላት ከሞተ ከቆየው ከጆሴፍ ስሚዝ ጋር በሥርዓት፣ በአገልጋይነት ለዘላለም እንድትተሳሰር ብቻ ነው፤ ያንንም ቢሆን እሷ በሌለችበት፣ ሌላ ሰው በእሷ ስም ቆሞ። ይህን ሳነብ ተናደድኩ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። ያላትን ግማሽ የሰጠች ሴት ናት እኮ። ዓይኗ ሊጠፋ ተቃርቦ፣ በእምነቷ እንደጸናች በ1908 አረፈች። ክልከላው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ሰባ ዓመት ቆይቶ።

ሌላ የገረመኝ ነገር አለ። ያስጻፈችውን የሕይወት ታሪክ ልጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችልኝ። የደማው እግር አለ። ደንብረው የጠፉት በሬዎች እንኳ አሉ። ዱቄቱ የለም። "እንደገና እይው" አልኳት። አየችው። የለም።

ባለፈው እሑድ ለእናቴ ነገርኳት። ሰማንያ አልፏታል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። አጠገቧ ተቀምጬ "እማዬ፣ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ሳለን፣ ለዚያች አራስ የሰጠሻት ዱቄት ትዝ ይልሻል?" አልኳት።

"የቷ አራስ?"

"ባሏ ጦር ሜዳ የነበረው። ሦስት ጣሳ የሰጠሻት። ገንፎው የቀጠነ ዕለት።"

አሰበች። ከልቧ ነው ያሰበችው። "አይ ልጄ፣ እሱ ትዝ አይለኝም" አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ በራ። "ጤና አዳም የሰጠችኝ ናት አይደል? ውይ፣ እሷ እንዴት ያለች ደግ ሴት ነበረች! አንዱን ቀንበጥ እኮ ተከልኩት። ቤት በቀየርን ቁጥር እየቆረጥኩ አመጣዋለሁ። ይኼ ጓሮ ያለው የሷ ነው።"

እኔ አላውቅም ነበር። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ።

ቡናው ሊፈላ ነበር። "እስቲ ዝናቡ ሳይብስ አንድ ቀንበጥ ቆርጠሽ አምጪልኝ" አለችኝ። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ጓሮ ወጣሁ።