የቦቢ ጥፍር

ዛሬ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ የቦቢን የኋላ እግር አንስቶ መዳፉን ገልብጦ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈው። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ያቀናዋል። ቦቢ ግን እንደተገለበጠ ትቶት እኔን እያየ ጭራውን ይወዘውዛል። የመካከለኞቹ ሁለት ጥፍሮች በመጎተት ብዛት ተሞርደው አልቀዋል። ለካ በየማታው ከበረንዳው የምሰማው የመፋቅ ድምፅ ይህ ነበር!

እኔ እርጅና መስሎኝ ነበር፤ አሥር ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ደግሞ «ባጃጅ ገጭቶት ነው» ብሎ ፈርዷል (ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የማይከሰስበት ነገር የለም)። ሐኪሙ የጠረጠረው በዘር የሚተላለፍ የኅብለ ሰረሰር በሽታ ነው፤ በጀርመን ሼፐርድ ዘሮች ላይ የታወቀ። ከኋላ እግር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይገፋል። አያምም፤ የሚያድነው መድኃኒትም የለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ጋር የተያያዘው «ኤስኦዲ1» የተባለው ዘረ መል፣ በሰውም ላይ አንዳንዱን የኤኤልኤስ ሕመም (ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት) የሚያመጣው ነው። ውሻው በዋናነት የሚጋለጠው ጉድለቱን ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው፤ ያም ሆኖ ሁሉም አይታመሙም።

ማታ ጎረቤታችን እማማ በአጥር በኩል «ልጄ፣ ሐኪሙ ምን አለ?» አሉኝ። የቦቢን ቡችላ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። እናቱ የሰፈር ውሻ ናት። ቡችላው እግራቸው ሥር ይዘላል።